ካባው ከመደረቡ በፊት

 

«ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም» የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተነዋል። እውነትነቱንም በየለቅሶ ቤቱ አይተነዋል። በሕይወት ሳሉ ዞር ብሎ ያያቸው ያልነበረ አዛውንት ባረፉ ማግስት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ፣ «ለካ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ!» እንባባላለን። ስለዚህ በየከተማው የባህልና የቅርስ በዓል ላይ ነባር ነዋሪዎችን ጠርቶ ማመስገን እየተለመደ መምጣቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። አዛውንቱ ወደ መድረክ ይወጣሉ፤ ካባ ይደረብላቸዋል፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም ይመርቃሉ፤ ይጨበጨባል፤ ፎቶ ይነሣል።

ከዚያ በኋላስ? ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። እኚያ እናት በሰፈራቸው ሰባና ሰማንያ ዓመት ሲኖሩ ምን አዩ? ምን ሠሩ? ማንን አሳደጉ? የሚጠይቃቸው የለም። የተከበረው ዕድሜያቸው እንጂ እውቀታቸው አይደለም። የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው።

ጥምቀት በመጣ ቁጥር ዓይን ሁሉ የሚያርፍባትን ጎንደርን እንውሰድ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯት ይህች ከተማ በዓለም ዘንድ በሁለት ዓይነት ቅርስ ትታወቃለች። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው ፋሲል ግቢ ነው። ሁለተኛው መላው ኢትዮጵያ የሚጋራው፣ ጎንደር ግን በልዩ ድምቀት የምታከብረው ጥምቀት ሲሆን፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ግንብ ሰው ባይኖርበትም ቆሞ ሊቆይ ይችላል። ጥምቀት ግን ያለ ሰው የለም። በከተራ ዕለት ታቦታቱ በየት በኩል እንደሚወርዱ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ከቀሐ ወንዝ በሚመጣ ውኃ የሚሞላውን የአፄ ፋሲል መዋኛ በጊዜው የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልገዋል። ወረቡን ከነአቋቋሙ፣ ጭፈራውን ከነግጥሙ የያዘ ሰው ያስፈልገዋል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንዲባል ጥጡን የሚፈትል፣ ጥለቱን የሚያውቅ እጅ ያስፈልገዋል። እነዚህ ሰዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ ግንቡ ቢቆምም በዓሉ ይሳሳል።

ይህን በማሰብ ቀድመው ሕግ ያወጡ አገሮች አሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የቅርስ ሕግ፣ የአገሩን የእጅ ሙያና ትውፊት የያዙ ባለሙያዎችን ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» እያለ የሚጠራበት ሥርዓት ጀመረች። መንግሥት በየዓመቱ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም ሙያውን ለተማሪ ያወርሳሉ። ደቡብ ኮርያም እ.ኤ.አ. በ1962 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ክብሩ ከካባ ጋር ተማሪ ይዞ ይመጣል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ክብር የሚገባውን ሰው ስንፈልግ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ባለማዕረግና ወደ ባለሀብት ነው። የጎንደር ሰፈሮች ስማቸው ብቻ ብዙ ይናገራል። አቡን ቤት ጳጳሱ፣ እጨጌ ቤት እጨጌው የነበሩበት ነው። አዲስ ዓለም ሙስሊም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ለዘመናት የኖሩበት ነው። ከከተማዋ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ቤተ እስራኤሎች ሸክላና ብረት ሲሠሩባት የኖረች መንደር ናት፤ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከተማዋን ከተማ ያደረጉት እነዚህ ሁሉ ናቸው። ታዲያ ሸክላ ሠሪዋ እናት፣ ሸማኔው፣ የቅዳሜ ገበያ ቅመም ሻጯ፣ በሰፈሩ ስንቱን ሕፃን ያዋለዱት የልምድ አዋላጅ በክብር መድረኩ ላይ ስንት ጊዜ ታይተዋል? ትናንት በሙያቸው ሲናቁ የኖሩትን ዛሬ በሙያቸው ማክበር የቆየ ዕዳን መክፈል ነው።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ ስንወጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የዋልያው ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻውና ግጦሹ በመስፋቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ከአደጋ መዝገብ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ወጣ። በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ደጋውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ለዋልያው ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነው። ውሳኔው ትክክል ነው የሚልም፣ ቅር የሚለውም አለ። አንድ ነገር ግን አያከራክርም። እዚያ ያረጁ አባቶችና እናቶች ገብሱ መቼ እንደሚዘራ፣ ጉሙ መቼ እንደሚወርድ፣ ዋልያው በየትኛው ገደል እንደሚውል ያውቃሉ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ የሚያድጉት በከተማ ነው። ስለ ሰሜን ተራሮች ቅርስነት በዓል ሲደገስ ከፊት ወንበር መቀመጥ ያለባቸው እነሱ ናቸው። እውቀታቸው ካልተወረሰ መሬቱን አንድ ጊዜ፣ ትዝታውን ሁለተኛ ጊዜ ያጣሉ።

ይህ ሁሉ የማዘጋጃ ቤትና የባህል ቢሮ ሥራ ነው ብለን አንተወው። ትልቁ ሥራ የቤት ነው። አያት ያለው ቤት ሁሉ የቅርስ ቤት ነው። ስለዚህ በመጪው በዓል፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ቡናው ሲፈላ፣ ልጆች ስልካቸውን ለቁም ነገር ያውጡት። መቅጃውን ከፍተው፣ አስቀድመው ፈቃድ ጠይቀው፣ አንቱ እያሉ ይጠይቁ።

«የተወለዱበት ሰፈር ስሙ ከየት መጣ? ልጅ እያሉ ለጥምቀት ምን ይለብሱ ነበር? ማን ሰፋልዎ? በአካባቢው በሙያው የታወቀ ማን ነበር? አሁን የጠፋ፣ እርስዎ ግን የሚያውቁት ምግብ፣ ጨዋታ ወይም ዘፈን አለ? ከእኛ ማናችን ምን እንድንማር ይፈልጋሉ?»

እነዚህ ጥያቄዎች ይበቃሉ። ሁሉን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትቸኩሉ፤ አዛውንት በጥድፊያ አያወሩም። በአልበም ያሉ የድሮ ፎቶዎችንም አብራችሁ ተመልከቱ። ከጀርባቸው የሰውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማያውቁት ሰው ምስል ነው። አያት የሚያውቁት ሙያ ካለ ደግሞ አንድ ልጅ ይመደብ። እማማ ዳንቴል ወይም የጠጅ አጣጣል ቢያስተምሩ፣ አባባ የበገና ቅኝት ቢያሳዩ፣ ካባው የዚያን ጊዜ ትርጉም ያገኛል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የአረጋውያን ትዝታ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። የቀይ ሽብር ዘመን ጎንደርን ክፉኛ ጎድቷታል፤ ረሃቡም፣ ጦርነቱም፣ ስደቱም አለ። ስንጠይቅ ዝም የሚሉበት ቦታ ይኖራል። ያን ጊዜ አናስጨንቃቸው፤ አብረን ዝም እንበል። ራሳቸው ሊናገሩ ከፈለጉ ግን «ተዉት፣ አያንሱት» ብለን አናቋርጣቸው። ለዓመታት የሚሰማቸው ጆሮ ሲጠብቁ ኖረው ይሆናል።

እናንተም አያቶች፣ «የድሮ ወሬ ማን ይሰማኛል» ብላችሁ አትተዉት። ልጁ ስልኩን ሲነካካ ያልሰማችሁ ቢመስልም ይሰማል። የኖራችሁትን እንደኖራችሁት፣ ስህተቱንም ሳትደብቁ ንገሩት። የልጅ ልጅ የሚያምነው ሁልጊዜ ያሸነፈን ሰው ታሪክ ሳይሆን ወድቆ የተነሣን ሰው ታሪክ ነው።

በዓል አዘጋጆችም ብትሆኑ አንድ ነገር ጨምሩ። አዛውንቱን ወደ መድረክ ከማውጣታችሁ ከአንድ ወር በፊት ሁለት ተማሪዎች ከቤታቸው ልካችሁ ታሪካቸውን አስጽፉ። በበዓሉ ቀን ካባው ሲደረብ ያ ታሪክ ይነበብ፤ ቅጂውም ለቤተሰቡና ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። ወጪው የአንድ ካባ ዋጋ እንኳ አይሆንም።

ለቅሶ ቤት የምናነበውን የሕይወት ታሪክ ባለቤቱ ተቀምጠው እየሰሙ፣ «እዚህ ላይ ተሳስታችኋል» እያሉ እያረሙ ብናነበው ምን አለ? ምስጋናው በቁም ይሁን።