ዜማው የማን ነው?

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የካርቱን ፊልም ሙዚቃ ነው። «ይህ የልጆች ነገር አይደለም እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ የልጆች ነገር ነው። ታዲያ መምህር ለመሆን የምንማረው ለማን ብለን ነው?

«ላየን ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ዘፈኖቹን የሠሩት ኤልተን ጆንና ቲም ራይስ ነበሩ። ተከታዩ ክፍል «ላየን ኪንግ 2» በ1998 ወጣ። ኤልተን ጆን በዘፈኖቹ ውስጥ የለበትም። ፊልሙም በአሜሪካ ሲኒማ ቤት ሳይገባ በቀጥታ በቪዲዮ ለገበያ ቀረበ። ስለዚህ ብዙ ሰው ከመጀመሪያው የተራረፈ አድርጎ ነው የሚያየው። በእኔ እምነት ግን የሁለተኛው ክፍል መክፈቻ ዘፈን ከመጀመሪያው ፊልም ዘፈኖች አብዛኞቹን ያስከነዳል።

ለምን? ዘፈኑን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የደረሰውም የዘፈነውም በሶዌቶ ተወልዶ በአፓርታይድ ዘመን በስደት የኖረው ደቡብ አፍሪካዊ ሌቦ ኤም ነው። «ሂ ሊቭስ ኢን ዩ» የተባለው ይህ ዘፈን በ1995 በአልበም ወጣ፤ በ1997 በኒውዮርክ የብሮድዌይ መድረክ ላይ ተዘፈነ፤ በ1998 የሁለተኛው ፊልም መክፈቻ ሆነ። መልእክቱ ያለፈው አባት በልጁ ውስጥ ይኖራል የሚል ነው። በዙሉና በእንግሊዝኛ የተዘፈነ ሲሆን አንዱ ያወርዳል፣ ብዙኃኑ ይቀበላል። ዙሉ የማይሰማ የጎጃም ልጅ እንኳ ይህን አይስተውም፤ በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲጨፍር አውራጅና ተቀባይ ምን እንደሆነ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋልና።

እዚያው ፊልም ውስጥ ሌላ ዘፈን አለ፤ «ኡፔንዲ» ይባላል። ቃሉ «ኡፔንዶ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ሲሆን ፍቅር ማለት ነው። ዜማው ግን ለኔ ጆሮ የሽርሽር ዜማ ነው፤ ከቃሉ በቀር ከአፍሪካ የያዘው ነገር አይታየኝም። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ልዩነቱን ያገኘዋል። አንዱ የባለቤቱ ዘፈን ነው፤ ሌላው ቃል ተውሶ የለበሰ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ወደ ራሳችን ለመድረስ ነው። የእኛ ችግር የኡፔንዲ ግልባጭ ነው። እነሱ ቃል ተዋሱ፤ እኛ ቃሉ የራሳችን ሆኖ ዜማውን እንዋሳለን። በተግባር ልምምድ ላይ በነበርኩበት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ልጆቹ የሚዘምሩት አብዛኛው መዝሙር የእንግሊዝ ልጆች ዜማ ላይ አማርኛ የተለጠፈበት ነበር። «ምኑ ነው ችግሩ? ልጆቹ ደስ ብሏቸው የለ?» ያለኝ ጓደኛ አለ። ደስታውን አልክድም። ግን አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ያለው ቋንቋ መሆኑን አንርሳ። «ገና» ሲላላ «ገና ነው» እንደምንለው ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ ዋናው ጉዳይ ነው። ለሌላ ቋንቋ የተሠራ ዜማ የሚረግጥበትና የሚያልፍበት ቦታ አስቀድሞ ተወስኗል። አማርኛው በግድ ሲገባበት የሚላላው ይጠብቃል፣ የሚጠብቀው ይላላል። ፊደላችን ደግሞ ይህን ልዩነት አያሳይም። ስለዚህ ልጁ የሚይዘው በጆሮው ብቻ ነው፤ ያንኑ ጆሮ እኛው እናበላሽበታለን።

ሁለተኛው ነገር ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር እረኛው በዋሽንት፣ እናት በእሹሩሩ፣ አዝማሪው በማሲንቆ ልጁን ከእነዚህ ጋር ያላምዱታል። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን «የቤትህን ውጭ ተወው» የተባለ ይመስላል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት መግባቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ብቻውን አይዘፍንም፤ የሚዘፍነው መምህሩ ነው።

«ካርቱን ለመሥራት ገንዘብ የት አለን?» የሚባለው እውነት ነው። ዜማ ግን ካርቱን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የካርቱን ፊልም ሳይሆን የአሻንጉሊት ዝግጅት ነበር። አንዲት ቀጭኔ በአማርኛ እያወራችና እየዘመረች ስንቱን ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ሰብስባለች! ያስፈለገው በልጆች ቋንቋ ለልጆች የሚያስብ ሰው ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነቱ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ስንቱን ልጅ ቤት አስቀርቷል። መምህር ያጣ ልጅ ስልክ ካገኘ ስልኩ የሰጠውን ይዘምራል። ስልክ የሌለው ደግሞ ያለችው አያቱ ናት፤ አያቱ ጋ ያለውን ዜማ እስካሁን ማናችን ሄደን ሰበሰብነው?

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለተግባር ልምምድ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ከትውልድ ቀበሌው አንድ የልጆች ዜማ በስልኩ ቀድቶ ያምጣ። ቅኝቱን ይለይ፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ምልክት ያድርግበት፤ ቢያንስ አንድ ክፍል ልጆች እንዲዘምሩት ያድርግ። መምህራኖቻችንም ውጤት ይስጡበት፤ ያለ ውጤት እንደማንሠራ እናውቃለንና! በሦስት ዓመት ውስጥ ለአካባቢው መዋዕለ ሕፃናት የሚበቃ ስብስብ ይኖረናል። ወደፊት አንድ ጎጃሜ የካርቱን ፊልም ልሥራ ብሎ ቢነሳ ዜማ ፍለጋ ባሕር አይሻገርም።

የተለየ ሐሳብ ያለው በሚቀጥለው እትም ይሞግተኝ። ቸር እንሰንብት።