ባጅ የሚያስፈራው ማንን ነው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ራዕይና ተልዕኮ አለበት፣ የዜጎች ቻርተር አለበት፣ ወር ያለፈበት የበዓል መፈክር አለበት። ታዲያ አንድ ሠራተኛ የማኅበሩን ባጅ ደረቱ ላይ ቢሰካ ወይም ሰሌዳው ጥግ ላይ የማኅበሩን ማስታወቂያ ቢለጥፍ፣ «ተቋሙ ገለልተኛ ነው፤ አንሳ!» የሚል ኃላፊ አይጠፋም። እንዴ! ግድግዳው መቼ ገለልተኛ ነበር?

«ባለጉዳይ ይደናገራል» ይሉናል። ባለጉዳዩ እኔ ነኝ፤ በየመስኮቱ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ። ያደናገረኝ «ነገ ተመለስ» ነው እንጂ ባጅስ አላደናገረኝም።

ደግሞስ ከማን ነው የሚደበቀው? ማኅበር ባለባቸው የመንግሥት ድርጅቶች መዋጮው ብዙ ጊዜ ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል። አባሉ ማን እንደሆነ ሒሳብ ክፍሉ ያውቃል፤ ሥራ አስኪያጁም ከፈለገ አንድ ስልክ ይበቃዋል። የማያውቀው አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ነው። መጋረጃው የሚጋረደው እንግዲህ ሠራተኛ ከሠራተኛ እንዳይተያይ ነው።

«ለአንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ ይህ ሁሉ?» የሚል ካለ የመምህራኑን ታሪክ ይጠይቅ። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1980ዎቹ አጋማሽ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠሩ ጀመር። የአንደኛው ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታስረው የተፈቱት በ1994 ነው። ከአመራሩ አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። እኔም በዚያ ዘመን አስተምር ነበር፤ የማኅበር ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚዘጋው በሩ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኞችንም፣ የሥራ ጠባያቸውና የኃላፊነት ደረጃቸው በፈቀደ መጠን፣ ለመደራጀት ጠርቷቸዋል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ውጭ አቁሟቸዋል። በመንግሥት ባንክ መስኮት የተቀመጠችው እህት በአዋጁ መሠረት መደራጀት ስትችል፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ያለው ወንድሟ በዚያው አዋጅ የሚሰካው ባጅ እንኳ የለውም። አገራችን በ1955 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነት ለየአገሩ ሕግ የተወው የጦር ኃይሉንና የፖሊሱን ጉዳይ ነው። መዝገብ ቤት እዚያ ውስጥ የለም፤ እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ።

የምጠይቀው ለማኅበሩ ከሰሌዳው አንድ ጥግ፣ ለአባሉም ከኮቱ ላይ አንድ ቦታ ነው። ፋይሌን ቢያጠፋብኝ ስለ ፋይሉ ይጠየቅልኝ፤ ባጁን ተዉለት።