«የድሮ ጋራዥ ገዝተን ቤት እንሥራ» ይለኛል፤ የእቁብ ገንዘቤን ልስጠው?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የዛሬው የመጣው ከሐረር ነው። ጸሐፊዋ የፈላና በር ልጅ ናት። ስሜ አይውጣ ስላለች ስሟን ትተን ጉዳዩን ብቻ አሳጥረን እናቀርባለን።

«ዕድሜዬ 26 ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። እጮኛዬ መካኒክ ነው። ሦስት ዓመት ተዋደን ቆይተን ሽማግሌ ልኮ፣ ጥር ላይ ልንጋባ ቀን ተቆርጧል። ችግራችን ቤት ነው። የዛሬ ኪራይ እንኳን ለጎጆ ወጪ ለነጠላ ሰውም አልተቻለም። ባለፈው ወር እቁብ ደረሰኝ። እሱም ከበሩ ወጣ ብሎ አንድ የድሮ ጋራዥ አገኘሁ አለ። ግቢው ውስጥ ሥራ ያቆመ ወፍጮም አለበት። ባለቤቱ አዛውንት በሦስት ምስክር ውል ሊሸጡልን ተስማምተዋል። አራት ክፍል ሠርተን በሁለቱ እንኖራለን፣ ሁለቱን እናከራያለን ይላል። ‹ፈቃድስ?› ስለው ‹ቅዳሜና እሑድ ጣሪያ ካለበስነው ማን ያፈርሰዋል? ወረቀቱ ኋላ ይመጣል› ይለኛል። አባቴ ደግሞ ‹ወረቀት ሳታዪ ሳንቲም እንዳታወጪ› ብለዋል። ይህን ብነግረው ‹እንግዲያው እኔን አታምኚኝም ማለት ነው› ብሎ ይኸው ከተኳረፍን ሁለት ሳምንታችን ነው። እሱንም ገንዘቤንም ማጣት አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ ሁለት ነገር አትቀላቅዪ። እጮኛሽን ማመን አንድ ነገር ነው፣ ቦታውን ማመን ሌላ ነገር ነው። እሱ ቅን ሊሆን ይችላል። ቦታው ግን ቅንነት አያውቅም፤ የሚያውቀው ካርታና ፕላን ብቻ ነው። አባትሽም የጠየቁት ስለ ቦታው እንጂ ስለ ልጁ አይደለም።

የድሮ የሥራ ቦታ ላይ መኖሪያ መሥራት ራሱ ነውር የለውም። አዲስ አበባ ያለውን ለገሀርን ተመልከቺ። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። (ያ ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። የተራራው ወጪ ከብዶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ላይ ቀረ፣ እኛም ባቡር አመለጠን!) ይኸው የባቡር ግቢና አካባቢው፣ 36 ሄክታር ያህል መሬት፣ ኢግል ሂልስ በተባለ የአቡዳቢ ኩባንያ መኖሪያ፣ ሆቴልና ሱቅ እንዲሠራበት ኅዳር 2011 ዓ.ም. ሥራው በይፋ ተጀመረ። አሮጌው ጣቢያ እንዳይፈርስም በዕቅዱ ተያዘ። እንግዲህ የባቡር መሬት መኖሪያ መሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ የተሠራው ፕላኑ ነው፣ ቤቱ የሚመጣው ከዚያ ኋላ ነው። እጮኛሽ የያዘው መንገድ የዚህ ግልባጭ ነው።

እሱ የሚለው የቅዳሜና እሑድ ቤት በአገራችን ስም አለው፤ «የጨረቃ ቤት» ይባላል። «እነ እገሌ ሠርተው ሕጋዊ ሆነውላቸዋል» ብሎ ሊሞግትሽ ይችላል። እውነት ነው፣ የሆነላቸው አሉ። ለምሳሌ አዲስ አበባ ላይ ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሲስተናገዱ ማመሳከሪያው በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. የተነሣው የአየር ካርታ ነበር። ቤትሽ ካርታው ላይ ከታየ ትስተናገጃለሽ፣ ካልታየ የለሽም። ታዲያ የፊታችን ቅዳሜ የሚቆም ቤት በየትኛው የድሮ ፎቶ ላይ ሊገኝ ነው? ሲፈርስ ደግሞ ካሳ አትጠብቂ፤ ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ሰው ነው።

አሁን ወደ አዛውንቱ እንምጣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። እሳቸው ሊሸጡላችሁ የሚችሉት በላዩ ያለውን ቤትና ንብረት ነው፣ እሱም የራሳቸው ከሆነ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ ስለነበር ዛሬ የግል የሚመስል ብዙ አሮጌ ጋራዥና ወፍጮ ቤት በኪራይ የተያዘ የቀበሌ ወይም የመንግሥት ቤት ሆኖ ይገኛል። ሃምሳ ዓመት የተከራየ ሰው ቤቱን የራሱ አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ቢሸጥልሽ ግን የምትገዢው ጸጸት ነው። የሦስት ምስክሩ ውልም አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ይሁን ይላል። የጎረቤት ፊርማ ችሎት ፊት ብዙ ሰው አስለቅሷል።

ለእናንተ ለፈላና በር ልጆች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጎረቤታችሁ ተራ አጥር አይደለም፣ የጀጎል ግንብ ነው። ሐረር ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅርስ ሲመዘገብ ደግሞ ግንቡ ብቻ አይደለም የሚጠበቀው፤ ዙሪያው ያለው መሬትም ይታያል። ከበሩ ውጭ ነኝ ማለት ከጥያቄ ውጭ ነኝ ማለት አይደለም።

የኳስ ወዳጆች የሊቨርፑልን ከተማ ታውቋታላችሁ። የድሮ ወደቧ እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ነበር። ከዚያ መርከብ የማይመጣበት የወደብ መሬት ላይ መኖሪያና ቢሮ፣ በኋላም የኤቨርተን ክለብ ስታዲየም እንዲሠራ ተፈቀደ። ፈቃዱን የሰጠው ራሱ የከተማው አስተዳደር ነው፣ ማንም በጨረቃ አልሠራም። ዩኔስኮ ግን «የቦታው መልክ ጠፋ» ብሎ በ2012 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ አስገባት፣ በ2021 ከነጭራሹ ሰረዛት። በታሪክ የተሰረዘች ሦስተኛዋ ሆነች። እና የአንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም ብቻ ሁሉንም አይጨርስም። እናንተ አራት ክፍል ብትሠሩ ሐረር አትሰረዝም፣ አታጋንን በሉኝ! ግን ሁሉም «የኔ አራት ክፍል ምን ታመጣለች» ካለ ግንቡ ዙሪያውን በብሎኬት ተውጦ ይቀራል።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? በተራ ልንገርሽ።

አንደኛ፣ የይዞታ ማረጋገጫውን ካርታ አዛውንቱን በአክብሮት ጠይቁና ዋናውን እዩ። በማን ስም ነው? የቦታው አገልግሎት በሚለው ላይ የተጻፈው መኖሪያ ነው፣ ንግድ ነው ወይስ ኢንዱስትሪ?

ሁለተኛ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ቦታው በከተማው ፕላን ምን ተብሎ እንደተያዘ ጠይቁ። ይህ የፕላን ስምምነት የሚባለው ነው፣ ንድፍ ከማሠራታችሁ በፊት የሚጠየቅ ነው። መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ከተያዘ ወሬው እዚያው ያልቃል። መኖሪያ የሚፈቅድ ከሆነ የአገልግሎት ለውጥ በጽሑፍ ይጠየቃል። የሊዙንም ነገር አንሡ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል የሚል ነበር። ስለዚህ አዛውንቱ የጠሯት ዋጋ የመጨረሻዋ ላትሆን ትችላለች። ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ከዚያው ከመስኮቱ ስሙ፣ ከደላላ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቅርስ የሚጠብቀውን የክልሉን መሥሪያ ቤት ቦታችሁ ከቅርሱ ክልል ውስጥ ይሁን ውጭ ካርታ ላይ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ውስጥ ከሆነ ከፍታውን፣ ድንጋዩንና ቀለሙን ሳይቀር ሊወስኑላችሁ ይችላሉ።

አራተኛ፣ መሬቱን ራሱን እዩት። እዚህ ላይ እጮኛሽ መካኒክ ስለሆነ ከኔ በላይ ያውቃል። ጋራዥ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት የሚደፋው መሬት ላይ ነው፣ የባትሪ አሲድና እርሳስም እንዲሁ። እርሳስ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፤ ነገ ልጆቻችሁ እዚያ አፈር ላይ ነው የሚድኹት። ጠቆር ያለውንና ዘይት ዘይት የሚሸተውን አፈር አስወጥታችሁ በንጹሕ ሙሉት፣ ግቢውን ሊሾ አድርጉት፣ ጎመንም አትትከሉበት። መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ ዝም ብሎ በፍርስራሽ ከተሞላ በላዩ የቆመ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ጣሪያው አስቤስቶስ ከሆነ በመዶሻ አትሰባብሩት፤ ብናኙ ሳንባ ይገድላል።

አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ ካለፈ ንድፍ አሠርታችሁ የግንባታ ፈቃድ አውጡ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ባለ አንድ ፎቅ ያልደረሰ መኖሪያን በቀላሉ ምድብ፣ በምድብ «ሀ» ሲያስቀምጥ ፋብሪካና ወርክሾፕን ከከባዱ ከምድብ «ሐ» ነበር የመደበው። እና አሮጌውን ጋራዥ ከፋፍሎ አልጋ ማስገባትና መኖሪያ ብሎ አስፈቅዶ መሥራት አንድ አይደለም።

ገንዘቡ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ውሉም ላይ ያንቺ ስም ገብቶ ነው። እስከዚያ እቁብሽ ባንክ ይቀመጥ።

ለእጮኛሽ ደግሞ እንዲህ በይው፦ «አምንሃለሁ፣ ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት አብረን እንሂድ።» ከሥራ ሁለት ጠዋት ማስፈቀድ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እሺ ካለ ኩርፊያው እዚያው ወረፋ ላይ ያልቃል። ጥር ላይ ፈቃዱ ባይደርስ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ተጋቡ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ የተጀመረ ትዳር ስንትና ስንት አለ። እሺ ካላለስ? ጋራዡን ሳይሆን እሱን እንደገና አስቢበት። ቤት ሳይቆም «ወረቀት አትጠይቂኝ» የሚል ሰው፣ ቤት ከቆመ በኋላ ብዙ ነገር አትጠይቂኝ ይላል።

ለሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።