የቤቱ ባለቤቶች ወዴት ሄዱ?



ጦርነትን በጨዋታ መልክ መለማመድ ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በበዓል ሰሞን በሰፊ ሜዳ ላይ ጉግስ ሲገጥሙ፣ አንዱ ፈረሰኛ ዘንጉን ሲወረውር፣ ሌላው በጋሻው ሲመክት፣ ሕዝቡም ዳር ቆሞ ሲያደንቅ ይውል ነበር። የሚገጥሙት ሰዎች ግን እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ የአንድ አካባቢ ልጆች ነበሩ፤ ዘንጉ ቢስት ወይም ፈረሱ ቢደናቀፍ ጉዳቱ በእውነተኛ ሰው ላይ እንደሚደርስ ሁሉም ያውቀው ነበር። በዘመናችን ደግሞ ሜዳው ወደ ቴሌቪዥን መስኮት ገብቷል፤ በፈረሱ ምትክ ታንክ፣ በዘንጉ ምትክ መትረየስ ተተክቷል። በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ከእነዚህ አዳዲስ ጨዋታዎች አንዱን እንመለከታለን። ጉዳዩ ጠመንጃ የሚይዘውን የሠራዊት አባልም ሆነ ቤት የምትጠብቀውን ባለቤቱን የሚመለከትበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱንም ካርቱም ድረስ ተከትለን እናገኘዋለን።

ጨዋታው «ባትልፊልድ 6» ይባላል፤ ስሙ በአማርኛ «የጦር ሜዳ» ማለት ነው። ለገበያ የቀረበው መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡን አስታውቋል። ተጫዋቹ ወታደሩን ከውጭ ሆኖ አይመለከተውም፤ በወታደሩ ዓይን ያያል እንጂ። ከፊቱ የሚታዩት ሁለት እጆችና የጠመንጃው አፈሙዝ ብቻ ናቸው። በኢንተርኔት አማካይነት እስከ 64 የሚደርሱ ሰዎች፣ 32ቱ በአንድ ወገን፣ 32ቱ በሌላው ወገን ተሰልፈው፣ በየቡድኑም አራት አራት እየሆኑ ይገጥማሉ። እያንዳንዱም አጥቂ፣ መሐንዲስ፣ ደጋፊ ወይም ቃኚ መሆንን ይመርጣል።

እኛም ጥቂት ምሽቶች ከወጣቶች ጋር ተቀምጠን አይተነዋል፤ ጆይስቲኩንም ይዘን ሞክረነዋል። የመጀመሪያ ግምታችንን ሳንሸሽግ እንግለጽ፤ ሥራው የሚደነቅ ነው። ሮኬት የመታው ግድግዳ ይናዳል። ከፎቅ ላይ ይተኩስ የነበረው ሰው ከተደገፈበት ግንብ ጋር አብሮ ይወርዳል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት መከታ የነበረው ቤት ክምር ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉም ይልቅ ደስ ያሰኘን ግን የቆሰለ ባልደረባን ጎትቶ ከመከታ ጀርባ ካደረሱ በኋላ ማንሣት መቻሉ ነው። ብቻውን እየፎከረ ወደ ፊት የሚሮጥ ተጫዋች ብዙ አይቆይም፤ ባልደረባውን የሚጠብቅና በባልደረባው የሚጠበቅ ግን ይዘልቃል። ይህን ትምህርት የትኛውም የአሥር አለቃ በደስታ ይቀበለዋል።

የዚህ ዓይነቱን ጨዋታ «የልጅ ነገር» ብሎ ማለፍም አይገባም። ዱም የተባለው ዝነኛ የተኩስ ጨዋታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ የአሜሪካ ማሪን ጦር የዱምን ሁለተኛ ክፍል ለራሱ በሚስማማ መንገድ ለውጦ አራት ሰው ያለበት ቡድን መተባበርን እንዲለማመድበት አደረገ። በ2002 ደግሞ የአሜሪካ ምድር ጦር ወጣቶችን ወደ ሠራዊቱ ለመሳብ «አሜሪካስ አርሚ» የተባለ የራሱን ጨዋታ አሠርቶ በነጻ አደለ፤ ይህም ጨዋታ እስከ 2022 ድረስ ቆይቷል። የጦር ሠራዊቶች በቁም ነገር የያዙትን ነገር እኛ በንቀት ብናልፈው ልጆቻችን በሌለንበት ይማሩታል።

ይሁን እንጂ ምሽግ ውስጥ ያደረ ሰው ጨዋታውን በተመለከተ ጊዜ የጎደለውን ለመቍጠር አይቸገርም። በጨዋታው ውስጥ የወደቀ ወታደር ጥቂት ሰኮንድ ቆይቶ እንደገና ይነሣል። በተለመደው የግጥሚያ ዓይነት ተጫዋቹ በስሕተት ወደ ገዛ ወገኑ ቢተኩስ እንኳ ጥይቱ አይጎዳም። ውኃ አይጠማም፤ ጫማ አይቆረቁርም፤ ዝናብ ያበሰበሰው ካፖርት አይከብድም። ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ መጠበቅ የለም። ወታደር ሆኖ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው የውትድርና ሕይወት አብዛኛው ክፍል መጠበቅ ነው፤ ሌሊቱ እስኪነጋ፣ ትእዛዝ እስኪመጣ፣ ከቤት ወሬ እስኪደርስ መጠበቅ። የወታደር ሚስትም ድርሻዋ ያው መጠበቅ ነው። የጨዋታው ሠሪዎች ይህን ቢጨምሩበት የሚገዛቸው አይኖርም ነበርና አንፈርድባቸውም፤ ልጆቻችን ግን መጉደሉን ሊያውቁ ይገባል።

ከጨዋታው የውጊያ ሥፍራዎች አንዱ ካይሮ ነው። የዓባይ ሸለቆ ለጨዋታ ሠሪዎች መድረክ ሲሆን የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ኮል ኦፍ ዱቲ፦ ብላክ ኦፕስ 3» የተባለው ጨዋታ ልብ ወለድ ታሪኩን የሚጀምረው በ2065 በዚሁ በሀገራችን በኢትዮጵያ ሲሆን፣ ግብፅን የሚወጋ «የዓባይ ወንዝ ጥምረት» የሚባል ኃይልም ፈጥሯል። ሩቅ አገር ለሚኖር ተጫዋች ኢትዮጵያም ካይሮም የሥዕል ጀርባ ናቸው። ለእኛ ግን ከጣና የሚወጣው ውኃ ካይሮ ከመድረሱ በፊት ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት፣ ብዙ ወገኖቻችንም እንጀራ ፍለጋ ሄደው የኖሩባት ከተማ አለች፤ እርሷም ካርቱም ናት። ካርቱም በዚህ አዲስ ጨዋታ ውስጥ የለችም። ነገር ግን ጨዋታውን ከተመለከትንባቸው ምሽቶች በአንዱ ካርቱምን የሚያውቅ ልጅ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር።

ልጁ ዕድሜው 14 ዓመት ነው። ያደገው በካርቱም ዴም በተባለው ሰፈር ሲሆን፣ እናቱ እዚያ ሻይና ቡና እያፈላች ታስተዳድረው ነበር። ጦርነቱ ሲብስ በገላባት አድርገው ወደ መተማ ተሻገሩ፤ አሁን በእናቱ ወንድም፣ በአንድ የሃምሳ አለቃ ቤት ይኖራሉ። ያን ምሽት ልጁ የካይሮውን ግጥሚያ ይዞ ነበር። በሮኬት የአንድ ፎቅ ግድግዳ ሲያፈርስ እናቱ የቡናውን ረከቦት ይዛ ገባች፤ በሩ ላይም ቆመች።

«እዚያ ቤት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ወዴት ሄዱ?» ስትል ጠየቀች።

ልጁ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ «በጌሙ ውስጥ የቤት ሰው የለም፣ እማ» አላት።

«እኛ ግን ነበርን» አለች፤ ረከቦቱንም አስቀምጣ ወጣች።

የሃምሳ አለቃው «በል ዝጋው» ብሎ ተቈጣ። ልጁም ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ያኔ ከአልጋ ሥር ሆኜ ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው። ማን እንደሚተኩስ እንኳ አላይም ነበር። እዚህ ግን አያለሁ» አለ።

አጎቱ ለጊዜው መልስ አላገኘም። ከቆይታ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ከተማ ውስጥ ስዋጋ ከግድግዳው ጀርባ ማን እንዳለ አላይም ነበር፤ ከጥይቱ ይልቅ የምፈራው እሱን ነበር» አለው። ያን ምሽት ጆይስቲኩ ተቀመጠ። ልጁ በማግሥቱ እንደገና ጠየቀ፤ እናቱም ይህን እስከጻፍንበት ቀን ድረስ አልወሰነችም።

አንባብያን የዚችን እናት ጥያቄ እንዲረዱት በካርቱም የሆነውን በአጭሩ እናስታውስ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በረመዳን ጾም መጨረሻ ሰሞን፣ የሱዳን ጦርና የፈጥኖ ደራሹ ኃይል በከተማይቱ መሐል ውጊያ ከፈቱ። ውጊያው በአውሮፕላን ማረፊያው፣ በቤተ መንግሥቱና በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ አካባቢ ጀምሮ በየሰፈሩ ገባ። የሰው መኖሪያ ቤት ምሽግ ሆነ። መብራትና ውኃ ተቋረጠ። ሬሳ ወደ መቃብር ማድረስ ባልተቻለበት ሰፈር ሰዎች ዘመዶቻቸውን በግቢያቸውና በኳስ ሜዳ ቀበሩ። ኦምዱርማንን ከባሕሪ ጋር ያገናኝ የነበረው የሻምባት ድልድይ ኅዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ተሰበረ። ጦሩ ቤተ መንግሥቱን መልሶ የያዘው ወደ ሁለት ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። የለንደን የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በኅዳር 2017 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 14 ወራት በካርቱም ግዛት ከ61,000 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ገምተዋል፤ ከእነዚህም 26,000 ያህሉ በቀጥታ በጥቃት የሞቱ ናቸው። የቀሩትን የፈጀው በሽታና ረኃብ፣ የመድኃኒትና የሐኪም እጦት ነው። በዚያው ጊዜ የየሰፈሩ ወጣቶች «የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል» የሚሉትን ማኅበር አቋቁመው፣ በጋራ ድስት ምግብ እያበሰሉ ጎረቤታቸውን አበልተዋል፤ ቁስለኛ አመላልሰዋል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ አንድም ሰው በጨዋታው የካይሮ ጎዳና ላይ አይታይም። በእሳቱ መሐል ድስት የሚጥድ ተጫዋች የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንዳንድ ወላጆች መሣሪያውን ነቅሎ መቆለፍን ይመርጣሉ። እኛ ግን ይህ ብቻውን የሚበጅ አይመስለንም፤ በቤት የተከለከለ ልጅ ሳንቲሙን ይዞ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ይሄዳልና። እዚያ ደግሞ «የቤቱ ባለቤቶች ወዴት ሄዱ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። በአሜሪካ የጨዋታዎችን ይዘት የሚመዝነው አካል ይህን ጨዋታ ከ17 ዓመት በታች ላሉ እንደማይሆን ወስኗል፤ ለትንንሾቹ ልጆች መልሳችን ቍርጥ ያለ «አይሆንም» ይሁን። የካርቱሙም ልጅ ገና 14 ዓመቱ ነውና እናቱ ብትከለክለው ከእርሷ ጋር ነን። ነገር ግን ክልከላው የልጁን ንግግር እንዳይዘጋው እንለምናለን። ከአልጋ ሥር ተኝቶ የሰማውን ተኩስ ለአጎቱ የነገረው በዚያ ምሽት ነው። ያን መስማት ጨዋታውን ከመዝጋት የሚበልጥ ሥራ ነው።

ለደረሱት ወጣቶች ደግሞ አባት አጠገባቸው ይቀመጥ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ለልጁ ጀግንነቱን ብቻ የሚያወራ ከሆነ፣ የቀረውን ልጁ ከጨዋታው ይሞላዋል። ሳይተኩስ ያለፈበትን ቀን፣ ሕፃን መስሎት ጣቱን ከቃታው ያነሣበትን ቅጽበት፣ ከወደቀ በኋላ ያልተነሣውን ባልደረባውን ስም ይንገረው። ይህን የሚያስተምር ጨዋታ እስካሁን አላየንም።

ለእኅቶቻችን የምንጨምረው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እነዚህ ጨዋታዎች ከእውነት ጋር እስኪመሳሰሉ ድረስ ስለተራቀቁ፣ ከእነርሱ የተቀዳ ፊልም እንደ ጦር ግንባር ዜና በየስልኩ ይዞራል። «አርማ 3» የተባለው ጨዋታ ሠሪ የሆነው የቼክ ኩባንያ ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ከጨዋታው የተቀዱ ፊልሞች የዩክሬንና የሌሎች አገሮች እውነተኛ ውጊያዎች ተብለው መሰራጨታቸውን ተናግሯል። ኩባንያው የጠቆማቸውን ምልክቶች መያዝ ይጠቅማል፤ ምስሉ የደበዘዘ ነው፤ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ብዙውን ጊዜ በጨለማ የተቀረጸ ነው፤ ድምፅ አይኖረውም፤ የሚንቀሳቀስ ሰውም አይታይበትም። ባሏ ግንባር ያለ ሴት በሌሊት እንዲህ ያለ ፊልም ሲደርሳት ልቧ እንደሚደነግጥ እናውቃለን። ለጎረቤት ከማስተላለፍ በፊት ቆም ይበሉ፤ ከክፍሉ ይጠይቁ። የሐሰት ፊልም የሚያስለቅሰው እንባ እውነተኛ ነውና።

በመጨረሻም ፍርዳችንን እንስጥ። «ባትልፊልድ 6» የእጅ ሥራው ያማረ፣ መተባበርን የሚያስተምር፣ ለበሰለ ሰው የሥራ ድካም ማሳለፊያ ሊሆን የሚችል ጨዋታ ነው። ፈቃድ ላይ ያለ ወታደር ከጓደኞቹ ጋር አንድ ምሽት ቢጫወተው አንነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ፎቅ ባፈረሰ ቁጥር ያችን የዴም እናት ያስባት። ነገ እውነተኛ ከተማ ውስጥ ግዳጅ ቢደርሰው፣ ከግድግዳው ጀርባ ከአልጋ ሥር የተኛ ልጅ ሊኖር ይችላል።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።