ድርሻው የብዙዎች፣ መዝገቡ የማን?

ባሕር ዳር፦ አንድ የሪዞርት መኝታ ክፍል ለሃምሳ ሰው ሊሸጥ ይችላል። እያንዳንዱ ገዢ በዓመት የአንድ ሳምንት የመጠቀም መብት ያገኛል። የድርሻውን ዋጋ አንድ ጊዜ ከከፈለ በኋላ ለጥገና፣ ለጽዳትና ለጥበቃ በየዓመቱ መዋጮ ያዋጣል። የቀሩት ሁለት ሳምንታት ለዕድሳት ይተዋሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ «ታይምሼር» የሚባለው ይህ የጊዜ ድርሻ አሠራር በሀገራችን እምብዛም አልተለመደም። አሠራሩ የሚያስነሣው ጥያቄ ግን እንግዳ አይደለም። ብዙዎች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ጥቂቶች ያስተዳድራሉ፤ ገንዘቡ የት እንደ ዋለ የሚያሳየው መዝገብም በጥቂቶቹ እጅ ይቀራል።

ጉዳዩ ዛሬ ለጣና ዳርቻ ነዋሪ የሩቅ ወሬ አይደለም። 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ለአገልግሎት በቅቷል። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራ በ«ገበታ ለሀገር» መርሐ ግብር ለምቷል። የሐይቅ ዳር መሬት ፈላጊው እየበዛ ሲሄድ፣ በዚያ መሬት ላይ የኖረው አርሶ አደር ዕጣ ፈንታም አብሮ ይነሣል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ መሬቱ ለኢንቨስትመንት የተወሰደበት ተነሺ በሚለማው ድርጅት የአክሲዮን ባለቤት ሊሆን የሚችልበትን በር ከፍቷል። ይህም ማለት ትናንት ጤፍና ሩዝ ያመርት የነበረ ገበሬ ነገ የሪዞርት ባለድርሻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በሩ መከፈቱ መልካም ነው። ከበሩ በስተጀርባ ያለውን አስቀድሞ ማየት ግን የባለድርሻው ፋንታ ነው።

የጊዜ ድርሻ ሽያጭ በአውሮፓ የተጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ በ1963 በስዊዘርላንድ የተቋቋመው «ሃፒማግ» ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ንግዱ እየሰፋ ሲሄድ የባለድርሻዎች አቤቱታም በዚያው ልክ በረከተ። ቅሬታዎቹ በየሀገሩ ይመሳሰላሉ። ዓመታዊው መዋጮ ይጨምራል፤ ምክንያቱ ግን በዝርዝር አይነገርም። ሥራ አመራሩ ያልተሸጡትን ሳምንታት ድምፅ ይዞ በጉባኤው ላይ የበላይ ይሆናል። የጥገናና የጽዳት ውል ለአስተዳዳሪው እኅት ኩባንያ ይሰጣል። ባለድርሻዎች ተሰባስበው ለመምከር የአባላትን ስም ዝርዝር ሲጠይቁ ደግሞ «የግል ምስጢር ነው» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ በ1994 መመሪያ አወጣ፤ በ2008 ደግሞ አጠናክሮ በሌላ ተካው። በሁለተኛው መመሪያ መሠረት ሻጩ ከውሉ በፊት ዝርዝር መረጃ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ገዢው ያለ ምንም ምክንያት በ14 ቀናት ውስጥ ውሉን መተው ይችላል፤ በእነዚህ ቀናት ሻጩ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል ተከልክሏል። በስፔን የ1998ቱ ሕግ የጊዜ ድርሻ ውል ከ50 ዓመት እንዳይበልጥ ገደብ አበጀ። ገደቡን ያላከበሩ ውሎች ዋጋ የላቸውም ሲል የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ወሰነ። ከመመሪያው መረዳት የሚቻለው ዋና ነገር፣ ጥበቃው ገንዘቡ ከገዢው ኪስ ከመውጣቱ በፊት እንዲጀምር መደረጉን ነው።

ለምን ገንዘቡ ሳይወጣ? መልሱ በቀላል ስሌት ይታያል። ለምሳሌ ያህል 40 ክፍሎች ያሉት ሪዞርት እያንዳንዱን ክፍል ለ50 ሰው ቢሸጥ 2 ሺህ ባለድርሻዎች ይኖሩታል። እያንዳንዳቸው በዓመት 10 ሺህ ብር ቢያዋጡ 20 ሚሊዮን ብር ይሰበሰባል። ከዚህ ውስጥ 2 ሚሊዮኑ ያለ አግባብ ቢወጣ ለአንዱ ባለድርሻ ጉዳቱ አንድ ሺህ ብር ነው። ለአንድ ሺህ ብር ጠበቃ የሚቀጥር፣ ሥራ ፈትቶ ቢሮ የሚመላለስ ሰው አይገኝም። ለአስተዳዳሪው ግን ሁለት ሚሊዮን ብር ብዙ ነው። ጉዳቱ ለብዙዎች ተበትኖ ጥቅሙ ለጥቂቶች ሲከማች፣ ዝምታው የሚመጣው ከስንፍና ሳይሆን ከስሌቱ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ቅርብ የሆነው ጉዳይ የአክሰስ ሪል እስቴት ነው። በአቶ ኤርሚያስ አመልጋ መሥራችነት የተቋቋመው አክሲዮን ማኅበር ቤት ሠርቶ ለማስረከብ ከሁለት ሺህ በላይ ከሚሆኑ ገዢዎች ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ሰበሰበ። ከገዢዎቹ መካከል በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ቤቶቹ በተባለው ጊዜ አልደረሱም። በ2005 ዓ.ም. መሥራቹ ከሀገር ሲወጡ ጉዳዩ አደባባይ ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ችግሩን ለመፍታት ተመለሱ። ገዢዎቹ ኮሚቴ አቋቁመው መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ከቤቱ በፊት የሚመጣ ነበር፤ የከፈልነው ገንዘብ የት ዋለ? በስማችን የተያዘው መሬት የትኛው ነው? የሚል። እነዚህ ከፊርማ በፊት መመለስ የነበረባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ከክፍያ በኋላ ሲነሡ ግን ዓመታትን የሚፈጅ ደጅ ጥናት ሆኑ።

በሌላ በኩል የሥራ አመራሮችን ችግርም በሚዛኑ ማየት ያስፈልጋል። የዋጋ ጭማሪ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የጄኔሬተርና የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ዋጋ በብር ሲሰላ አሻቅቧል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግርም ወደ ባሕር ዳር የሚመጣውን ጎብኚ አመናምኖታል። እንግዳ ባይመጣም ጥበቃው ደመወዙን፣ ሕንፃው ጥገናውን ይፈልጋል። ኾኖም እውነተኛ ምክንያት ያለው አስተዳዳሪ ምክንያቱን በደረሰኝ ማሳየት አይቸገርም። አለመተማመኑን የሚወልደው የጭማሪው መጠን ብቻ ሳይሆን የምክንያቱ መደበቅ ነው።

ሕጎቻችን ከትናንቱ ትምህርት ወስደዋል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን ሕግ በሰፊው አሻሽሏል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኩባንያ ማን እንደ ሆነ፣ ገንዘቡን ለምን እንደሚያውልና ምን ስጋት እንዳለበት የሚገልጽ ሰነድ እንዲያወጣና ሰነዱም በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን እንዲጸድቅ ያዛል። በ2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የሪል እስቴት አዋጅ ቁጥር 1357 ደግሞ ከቤት ገዢዎች የሚሰበሰበው ቅድሚያ ክፍያ በዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ሕጉ መብቱን ቢሰጥም መጠቀሚያው በባለድርሻው እጅ ካልሆነ ከወረቀት አያልፍም። ለዚህ አብነት የሚሆነው የቀድሞው የንግድ ሕግ ነው። ከዋና ገንዘቡ አንድ ዐሥረኛውን የያዙ ባለአክሲዮኖች የድርጅቱ ሥራ በመርማሪ እንዲታይ መጠየቅ እንዲችሉ ፈቅዶ ነበር። እኩል ድርሻ ባላቸው 2 ሺህ ሰዎች መካከል አንድ ዐሥረኛው 200 ሰው ነው። ስማቸውንና አድራሻቸውን የማያውቅ ባለድርሻ ግን 200 ሰው ከየት ያሰባስባል? የአባላት ዝርዝር የተቆለፈበት ሰው መብቱም አብሮ ተቆልፎበታል።

አርሶ አደሩ ይህን ነገር ከሌላ አቅጣጫ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባለይዞታውን ስም ብቻ ሳይሆን አዋሳኞቹንም ይይዛል። ድንበር ሲገፋ ደብተሩ ማስረጃ፣ አዋሳኙ ምስክር ይሆናሉ። የአክሲዮን ወረቀት ግን አዋሳኝ የለውም። ቁጥርና ማኅተም አለው፤ ከጎን ያለው ባለድርሻ ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ደብተሩን በአክሲዮን የሚለውጥ ገበሬ መሬቱን ብቻ ሳይሆን ምስክሮቹንም እየለቀቀ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ዕድሩም ቢሆን የሚያስተምረው አለ። በደንብ የተደራጀ ዕድር ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ገቢና ወጪው በአባላቱ ፊት ይነበባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከድርሻ ብዛት ይልቅ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ በሚል መርሕ ይተዳደራሉ፤ ሒሳባቸውም በኦዲት ይመረመራል። ድክመት አይታይባቸውም ማለት አይደለም። ነገር ግን ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ አንድ ሰው እንዳይሆን መጠበቅ ለአካባቢያችን አዲስ ትምህርት አይደለም።

እንግዲህ በሐይቅ ዳር ሎጅም ሆነ በከተማ የገበያ ማዕከል ድርሻ እንዲገዛ የተጋበዘ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ገንዘቡ የሚገባው በማን ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው? ድርጅቱ ሳይቋቋም ቢቀር እንዴት ይመለሳል? መሬቱና የግንባታ ፈቃዱ በማን ስም ነው? ኦዲተሩን የሚሾመው ሥራ አመራሩ ነው ወይስ ጉባኤው? አስተዳዳሪው ወይም ዘመዱ ለድርጅቱ ዕቃ ማቅረብ ይችላል? የአባላት ዝርዝር ለአባላት ክፍት ነው? ድርሻውን መሸጥ የፈለገ ሰው ለማንና በስንት ይሸጣል? መልሶቹ በቃል ከተሰጡ በጽሑፍ እንዲሆኑ መጠየቅ ነውር አይደለም። የተጻፈ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል እንዲሉ።

የመንግሥት ቢሮዎችም ድርሻ አላቸው። ለተነሺ አርሶ አደሮች አክሲዮን በካሳነት ወይም በተጨማሪ ጥቅምነት ሲቀርብ፣ መመሥረቻ ጽሑፉን በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳ ከሻጩ ነጻ የሆነ የሕግ ባለሙያ ቢመደብ፣ ሒሳቡም በየዓመቱ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቢነበብ፣ ወጪው ከኋለኛው ክርክር ያነሰ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ከተመዘገበ ወዲህ የዳርቻው ልማት የአካባቢውን ሕዝብ ተጠቃሚ ማድረግ እንዳለበት ተደጋግሞ ተነግሯል። ተጠቃሚነቱ የሚለካው በአክሲዮን ወረቀቱ ቁጥር አይደለም። ባለድርሻው መዝገቡ እንዲገለጥለት ሲጠይቅ፣ መዝገቡ በሚገለጥለት ፍጥነት ነው።