ስለ ከብት ደም ወታደሮችና ስለ መለያቸው

በየአውራጃውና በየወረዳው ላላችሁ ሹማምንትና ባለከብቶች።

የከብት በሽታ በገባ ጊዜ ሁላችን መድኃኒቱን እንጠይቃለን፤ መድኃኒቱ የሚገኝበትን መንገድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱም ሹም የምርመራ ቤት ወጪ ሲቀርብለት፥ «ይህ ለላሜ ምን ይረባታል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት እወዳለሁ።

እንግሊዞች ኢስት ኮስት ፊቨር የሚሉት፥ መዥገር የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ በጎረቤቶቻችን በኬንያና በደቡብ ሱዳን ይገኛል። ቲሌሪያ ፓርቫ የተባለው ተውሳክ በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሕዋሱን ያለ ልክ ያራባዋል፤ ከብቱም ብዙ ጊዜ ይሞታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕያው ተውሳኩን ከቴትራሳይክሊን ጋር በመውጋት ከብትን መጠበቅ ተችሏል። ነገር ግን ነጭ የደም ሕዋሳት በማጉያ መነጽር ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉና፥ ከብቱን የሚያድነው ወታደር የትኛው እንደ ሆነ ተለይቶ አልታወቀም ነበር።

መለያውን ያስገኘው በ1975 በካምብሪጅ የተሠራ ሥራ ነው። ጌኦርግ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራውን የአይጥ ሕዋስ ሳያቋርጥ ከሚራባ የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱት። ከዚያ የተራባው ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ያመነጫል፤ ስሙም ሞኖክሎናል ይባላል። ስለዚህም በ1984 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ማኅተም ከገዛ ቀለበቱ በቀር ከሌላ እንደማይገጥም፥ ይህም በሕዋስ ገጽ ላይ ያለውን አንዱን ተቀባይ ለይቶ ይይዛል። የሚያበራ ቀለም ሲታሰርበት ያ ተቀባይ ያለው ሕዋስ ተለይቶ ይቆጠራል።

በናይሮቢ በ1973 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት በሽታዎች ምርምር ላቦራቶሪ ለከብት የሚስማሙ መለያዎችን ሠራ። አይኤል-ኤ51 የተባለው ሲዲ8 የሚሉትን ተቀባይ ያሳያል። በ1994 ተመራማሪዎች በሽታውን ከተቋቋመ ጥጃ ሕዋሳትን ወስደው ለመንታው ሰጡ፤ መንታውም ዳነ። ሲዲ8 ያላቸው ሲወጡ ግን ጥበቃው ቀረ። በዚህ ወታደሩ ታወቀ። በፈሳሽ ናይትሮጅን መያዝ የማያሻው ክትባት ዛሬም አልተገኘም፤ ፈላጊዎቹ ግን የትኛውን ሕዋስ ማንቃት እንዳለባቸው ያውቃሉ።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ለሰውና ለአይጥ የተሠራ መለያ ብዙ ጊዜ ከላም ሕዋስ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ በከብት የሚኖር አገር መለያውን ሌላ እስኪሠራለት ድረስ መቀመጥ አይገባውም። ያ ላቦራቶሪ በ1994 በአዲስ አበባ ከነበረው የአፍሪካ የእንስሳት እርባታ ማእከል ጋር ተዋሕዷልና፥ ዕውቀቱ ከደጃችን ነው።

ከእናንተ የሚፈለገው ቀላል ነው። የእንስሳት ሐኪም ለምርምር ደም ሲጠይቅ ባለከብቱን አስረዱት፤ ደሙም ሳይረጋ፥ ቦታው፥ ቀኑና የከብቱ ዕድሜ ተጽፎበት ፈጥኖ ይላክ። የምርመራ ቤትም መለያ ሲገዛ በጽሕፈቱ ብቻ አይመን፤ ተቀባዩ ባለበትና በሌለበት የከብት ሕዋስ አስቀድሞ ይፈትነው። የተሳሳተ መለያ የብዙ ዓመት ድካም ያጠፋልና።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ መዥገር ድንበር አይጠይቅም፤ ዝግጅታችንም መንጋው እስኪወድቅ አይቆይ።