«ኢን» የምትባለው መነሻ ሁለት ፊት

በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ መነሻ እንነጋገራለን። ነገሩ የሰዋስው ትምህርት ብቻ ቢመስልም የቤትና የሕይወት ጉዳይ ስለ ሆነ፥ አባቶችም እናቶችም በትዕግሥት እንዲያነቡልን እንለምናለን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የቀለም ማቅጠኛ ቆርቆሮ ወደ ቤታችን ገብታ ነበር። በላይዋ «ኢንፍላመብል» የሚል ቃል ተጽፎባታል። በትምህርቱ ትጉህ የሆነው ልጃችን እናቱ ትርጕሙን ብትጠይቀው፥ «ኢን ማለት አፍራሽ ነው፤ ስለዚህ እሳት የማይዘው ማለት ነው» ብሎ መለሰላት። እርስዋም አምናው ቆርቆሮዋን ከምድጃው አጠገብ አኖረቻት። ማታ ስንገባ አይተን ባናነሣት ኖሮ የሚደርሰውን እግዚአብሔር ያውቃል። የቃሉ ትርጕም ልጁ ከተናገረው ፍጹም ተቃራኒ ነውና፤ «በቀላሉ እሳት የሚይዝ፥ ተቀጣጣይ» ማለት ነው።

ልጁን ልንቈጣው አልቻልንም፤ የተሳሳተው ባለማጥናቱ ሳይሆን በማጥናቱ ነው። መምህሩ «ኢን» አፍራሽ መነሻ እንደ ሆነች አስተምሮታል፤ ይህም እውነት ነው። በግዕዛችን «ኢ» የምትለው ፊደል ከቃል ፊት ገብታ ነገሩን እንደምታፈርስ፥ «ኢመዋቲ» የማይሞት፥ «ኢሰብአዊ» ሰብአዊነት የሌለው እንደሚባል፥ በእንግሊዝኛም የመጀመሪያው «ኢሞርታል»፥ ሁለተኛው «ኢንሂዩማን» ይባላል። የሁለቱ ቋንቋዎች መነሻዎች በአጋጣሚ ተመሳሰሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ነገር ግን እንግሊዝኛ ከላቲን የወረሰው «ኢን» አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ «አይደለም» የሚለው አፍራሹ ሲሆን፥ ሁለተኛው «ወደ ውስጥ» ወይም «በላይ» የሚለው ነው። ነጋዴዎቻችን «ኢምፖርት» ሲሉ ዕቃን ወደ አገር ማስገባት ማለታቸው ነው፤ «ኢሚግሬሽን» ስንልም ወደ አገር ገብቶ መኖር ማለታችን ነው። በእነዚህ ቃላት ምንም የፈረሰ ነገር የለም። ደግሞም ሁለቱም መነሻዎች የሚከተላቸውን ፊደል ድምፅ እየተከተሉ «ኢም» ወይም «ኢል» ወይም «ኢር» ስለሚሆኑ፥ በመልካቸው ሊለዩ አይችሉም።

እንግዲህ በምን ይለዩ? አንድ መፈተኛ አለ። መነሻዋን ከመንቀል አስቀድሞ፥ መነሻዋን የያዘ ግሥ መኖሩን መጠየቅ ነው። «ኢንፍሌም» የሚል ግሥ አለ፤ ማቀጣጠል ማለት ነው። ሐኪሞችም ቀልቶና ግሎ የሚያብጠውን ሕመም «ኢንፍላሜሽን» የሚሉት ከዚያው ወስደው ነው። ስለዚህ «ኢንፍላመብል» ሊቀጣጠል የሚችል ሆነ። «ኢንቪዚብል» ለሚለው ቃል ግን እንዲህ ያለ ግሥ አይገኝለትም፤ ስለዚህ አፍራሹ ነው፥ የማይታይ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መፈተኛው ሁልጊዜ አይሠራም። «ኢንፎርም» ማስታወቅ ሲሆን «ኢንፎርሜሽን» ከእርሱ ይወጣል፤ «ኢንፎርማል» ግን ከደንብ ውጭ የሆነ ማለት ነው። ደግሞም «ኢንቫሉዌብል» አፍራሽ መነሻ ቢኖረውም ዋጋ ቢስ ማለት አይደለም፤ ዋጋ ሊተመንለት የማይቻል ውድ ነገር ማለት ነው። የመጨረሻው ዳኛ እንግዲህ መዝገበ ቃላት ነው።

በዚህ የተሳሳተው የእኛ ልጅ ብቻ አይደለም። ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነው ሕዝቦችም ስለ ተሳሳቱ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር «ኢን» የምትለው ቀርታ «ፍላመብል» ብቻ እንዲባል መከረ። የብሪታንያ የደረጃዎች ተቋምም በ1959 ይህንኑ አጸና። ስለዚህ «ፍላመብል» እና «ኢንፍላመብል» አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይቃጠላሉ። የማይቃጠለው «ኖንፍላመብል» ይባላል። ማንበብ ለማይችልም በቀይ መስመር በተከበበ ባለ አራት ማዕዘን ውስጥ የነበልባል ሥዕል ይደረጋል፤ ሕፃናትን አስቀድሞ ማስተማር የሚገባው ይህን ሥዕል ነው።

በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን በእንግሊዝኛ ሲማሩ ደግሞ ሌላ መሰናክል ይገጥማቸዋል። ምሥጢረ ሥጋዌ በዚያ ቋንቋ «ኢንካርኔሽን» ይባላል፤ በላቲን ሥጋ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ልጁ «ኢን» ሁሉ አፍራሽ ነው ብሎ ከያዘ፥ ቃሉ «ሥጋ አለመሆን» ይመስለዋል፤ እምነቱም ሳያውቀው ይገለበጥበታል። እውነተኛው ትርጕም ግን ሥጋን መልበስ፥ ሰው መሆን ነው። የዚህ ቃል መነሻ የምታስገባው እንጂ የምታፈርሰው አይደለችም።

ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸው የውጭ ቋንቋ ሲተረጕሙላቸው በደስታ ይስሙ፤ ነገር ግን ስለ መድኃኒት፥ ስለ እሳትና ስለ ሃይማኖት የተጻፈ ቃል ከሆነ፥ «መዝገበ ቃላቱን አምጣና አብረን እንይ» ማለትን አይርሱ። ይህ ልጁን አለማመን አይደለም፤ ማገዝ ነው። የእኛም ልጅ ያን ዕለት ማታ መዝገቡን ገልጦ ቃሉን ካገኘ በኋላ፥ ቆርቆሮዋን ራሱ ወስዶ ከምድጃው ርቆ ባለው ዕቃ ቤት አኖራት፤ በላይዋም በአማርኛ «ይቃጠላል» ብሎ ጻፈባት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።